እስከ ማታ የኔ ናት

የቤንዚን ጋሎን አራት ዶላር በደረሰበት በዚያ ሰመር፣ ጋሽ ዐብዱሰመድ ሌክ ሃይላንድስ ሰፈር ባለው አፓርትመንታቸው ፓርኪንግ ሎት የጎረቤታቸውን የአይሻን ካምሪ መኪና ሲዞሩ፣ ልጇ ሁመይራ ደረሰችባቸው። የሳቸው መኪና ሞተሯ ነክሶ ቆማለች። ቅዳሜ ደግሞ ለወንድማቸው ልጅ ለሱፍያን የጋብቻ ሽማግሌ ሆነው ማኪኒ ከተማ መሄድ አለባቸው።

«ጋሼ፣ ጎማውን እያዩ ነው ወይስ ሊወስዷት?»

«ለቅዳሜ እናትሽን ላስቸግራት ነው። አይሻ እንቢ አታውቅም።»

«ችግሩ እሱ ነው እኮ። ባለፈው ሲዋሷት ፎርት ዎርዝ ሆስፒታል ሥራዋ ላይ ዘግይታ ገባች። አለቃዋ ከደገምሽ ትባረሪያለሽ ብሏታል። ቅዳሜ ሺፍት አላት።»

ጋሽ ዐብዱሰመድ ፊታቸው ጠቆረ። «ታዲያ ለምን አልነገረችኝም?»

ይሉኝታ ማለት ይኸው ነው፤ አፍ «ውሰዱት» ይላል፣ ሆድ ቁልፉን ይዞ ይቀራል።

«ሶ፣ ይከራዩ» አለች ሁመይራ።

«ከማን? ወላሂ ልጄ፣ ለማያውቀው ሰው መኪና የሚሰጥ ወይ ሌባ ነው፣ ወይ ወጥመድ ዘርግቷል። ድምፅ የሚሰርቅ ጆሮም ሳይቀብሩባት አይቀሩም።»

«ቤቱንስ የተከራዩት ከአጎትዎ ልጅ ነው?»

«ቤት ተነድቶ አይጠፋም።»

«ኦኬ፣ አከራዮቹም የፈሩት እሱን ነው። ለትምህርት ቤት ጽፌበታለሁ። የዛሬ ዘጠና ዓመት ገደማ ነብራስካ ውስጥ አንድ ሰውዬ ፎርዱን በማይል ያከራይ ነበር። ስንት እንደተነዳች ለማወቅ ጎማው ላይ ቆጣሪ ገጠመባት ይባላል።»

«አየሽ፣ እሱም ጠርጥሯል።»

«ጠርጥሮም አከራይቷል። መጠጥ በሕግ በተከለከለ ጊዜ ደግሞ ውስኪ አሻጋሪውም ባንክ ዘራፊውም መኪና እየተከራየ የአከራዮቹን ስም አጠፋው። እነሱ ግን አልዘጉም፤ ውሉን አጠበቁ።»

«እና እኔን ዘራፊ ሊሉኝ?»

«እርስዎስ ሌባ አላሏቸውም? ማለቴ፣ ውል የተሠራው ለዚህ ነው፤ የማይተዋወቁ ሰዎች ሳይተማሙ እንዲሠሩ። እኛ የምንተዋወቀው ግን በነፃ እንሰጣጥና ዓመት እንኮራረፋለን።»

ሽማግሌው ካምሪዋን አንዴ አዩ፤ ከዚያ የአይሻን መስኮት። ባለፈው ቁልፉን ስትሰጣቸው ድምፅዋ ቀዝቀዝ ብሎ እንደነበር ትዝ አላቸው።

«ይህን ምላስ ይዘሽ ማን ያገባሽ ይሆን» አሉ። «ነይ፣ የአከራዮቹን ቢሮ አሳዪኝ።»

እዚያም ሲደርሱ የአረፋ በግ እንደሚገዛ ሰው የሚከራዩትን መኪና ዞሩ፤ ጭረቱን ሁሉ በካሜራ አነሱ፤ ወንበር ሥር እጃቸውን ሰደው ጆሮ ቢፈልጉ አንድ የደረቀ የድንች ጥብስ ብቻ አገኙ።

ቅዳሜ ጠዋት አይሻ ወደ ፎርት ዎርዝ፣ እሳቸው ወደ ማኪኒ ወጡ። እሷም ሥራዋ ላይ በሰዓቷ ገባች። የሰው ሥራ ሳያስተጓጉሉ፣ ውለታ ሳይሸከሙ፣ ቂም ሳይተክሉ ካሰቡት መድረስ ለካ ይቻላል፤ ጉርብትናም ሳይጫር ያድራል።

ማኪኒ ሲደርሱ ሱፍያን ሊያገባት የፈለጋት ልጅ አባት በር ላይ ተቀበሏቸውና የምታብረቀርቀውን መኪና እያዩ «የማን ናት?» አሏቸው።

ጋሽ ዐብዱሰመድ ቁልፉን ኪሳቸው ከተቱ።

«እስከ ማታ የኔ ናት።»