ያልቀመስኩት አይስክሬም

ጁባ፣ ቡሉክ ሰፈር ትንሽ ምግብ ቤት ነበረችኝ። አንድ ዓርብ፣ ከአዲስ አበባ ተሸክሜ ባመጣኋት የቤት አይስክሬም መሥሪያ የታዘዝኩትን ስሠራ ጄኔሬተሩ ቀጥ አለ። ቤንዚን ተፈልጎ እስኪመጣ የወተትና የእንቁላሉ ውህድ በዚያ ሙቀት ሦስት ሰዓት ያህል ቆየ። መድፋት ሲገባኝ ማሽኑን መልሼ አስነሳሁት። ረጋ፤ ሲያዩትም ያምራል።

ያዘዘችኝ ኛዳክ ልትወስደው መጣች። ጋምቤላ በስደት ያደገች፣ አማርኛዋ ከእኔ የማይተናነስ ደንበኛዬ ናት። ኒምራ ታላታ የሚባለው ሰፈር ባለው ቤቷ የልጇ ልደት ነው፤ ሕፃናቱ ተሰብስበው ይጠብቃሉ። ክዳኑን ከፍታ አየችና በማንኪያ ጨለፈች፤ የዘረጋችው ግን ወደ እኔ ነው።

«መጀመሪያ አንቺ ቅመሺ።»

«ዓርብ አይደል እንዴ፣ ጾመኛ ነኝ» አልኩ። ጾሙ አዳነኝ ብዬ ነበር።

«ቅድም በዚህ ሳልፍ የጄኔሬተርሽ ድምፅ አልነበረም።»

«ማፊ ሙሽኪላ፣ ምንም ችግር የለውም፤ ረግቷል እኮ» አልኳት።

ማንኪያውን አልመለሰችም። «ጾምሽን ላስገድፍሽ አልፈልግም። ጾም ባይሆን ግን ትበይው ነበር?»

ዕቃውን ከእጇ ወስጄ በር ላይ ያለው ቦይ ውስጥ ደፋሁት። ተቆጥታ ትሄዳለች ስል፣ ወንበር ስባ ጄኔሬተሩ አጠገብ ተቀመጠች።

«ሌላ ሥሪ» አለችኝ። «ይሄ እንዳይጠፋ እኔ እጠብቀዋለሁ።»

ማሽኑን በፈላ ውኃ አጥቤ እንደ አዲስ ጀመርኩ። ሁለተኛው ሲረጋ፣ ማንም ሳይጠይቀኝ ማንኪያ አነሳሁና ጾሜን ገደፍኩ።