በኮምፒውተሩ ሆድ ውስጥ ያለችው የአባቴ አውራ ጣት

የመስካሪዋ መጠሪያ፦ በቤተሰቧና በሰፈሯ «ፍሬን»
ዕድሜ፦ 31
ሥራ፦ ፀጉር ሠሪ
አድራሻ፦ ከዳቦ ቤቱ ጀርባ፣ ሁለተኛ ፎቅ
ቃሉ የተሰጠበት ጊዜ፦ ረቡዕ፣ ከቀኑ 9 ሰዓት

ከቤታችን የተሰረቀው የጌም መጫወቻ ኮምፒውተር በአንድ ጥገና ሱቅ ተገኝቶ፣ የሱቁ ባለቤት «የራሴ ነው፣ እኔው ነኝ የገጣጠምኩት» በማለቱ፣ የእኛ መሆኑን በምን እንደማውቅ ተጠይቄ ይህን ቃል ሰጥቻለሁ።

ኮምፒውተሩን የገጣጠምነው እኔ፣ ታናሽ ወንድሜና አሁን በሕይወት የሌሉት አባታችን ነን። ዕቃውን አንድ በአንድ ስንገዛ ከረምን፤ የኮምፒውተሩ አንጎል የሆነው ፕሮሰሰር ላይ ስንደርስ ግን ቤቱ ለሁለት ተከፈለ። ወንድሜ ባለ ስምንት ኮሩን ካልገዛን ሞቼ እገኛለሁ አለ። እኔ ባለ ስድስቱ ለጌም ይበቃል፣ የተረፈው ምስሉን ለሚያወጣው ግራፊክስ ካርድ ይዋል አልኩ። አባታችን የከባድ መኪና መካኒክ ስለነበሩ፣ ኮር ማለት በፕሮሰሰሩ ውስጥ ሥራ የሚካፈለው ክፍል መሆኑን ስናስረዳቸው፣ «ሲሊንደር ነው በሉኛ! ምን ታደርቁኛላችሁ?» አሉ። ከዚያም «ጭነት ለሌለው መኪና ስምንት ሲሊንደር ምን ይሠራለታል?» ብለው ለእኔ ፈረዱ። እኔን «ፍሬን»፣ ወንድሜን «ነዳጅ» ያሉን ያን ዕለት ነው። ወንድሜ አኮረፈ። ቤታችን ግን እንደዚያ ሰሞን ደምቆ አያውቅም፤ ዛሬም ይናፍቀኛል።

ፕሮሰሰሩን ቦታው ካስቀመጥን በኋላ፣ ከላዩ ማቀዝቀዣው ከመታሰሩ በፊት ሙቀቱን የሚያስተላልፍ ቅባት መቀባት ነበረበት። መመሪያው የአተር ፍሬ ያህል ይላል። ወንድሜ እጁን ሊታጠብ ሄዶ ሲመለስ አባታችን ቱቦውን እስከ ጫፉ ጨምቀው ጠበቁት። «ኧረ አባዬ! ምን ጉድ ነው?» ብሎ ሲጮህ፣ «ግሪስ በዝቶበት የተቃጠለ ሞተር አሳየኝ» አሉት። በሳቅ ፈረስን። ማቀዝቀዣው ሲታሰር ቅባቱ በጎን ተርፎ ወጣ። አባታችን በአውራ ጣታቸው ጠረጉና፣ ጋራዥ እንደለመዱት፣ ጣታቸውን የሳጥኑ የውስጥ ግድግዳ ላይ ጫን አድርገው አሳረፉት። በአሮጌ ቁስል መሃል ለመሃል የተሰነጠቀው አሻራቸው እዚያው ደረቀ። እሳቸው ካረፉ ወዲህ ወንድሜ አቧራ ሊያራግፍ ሳጥኑን በከፈተ ቁጥር ያቺን ቦታ በብሩሽ ዞሮ ያልፋታል።

ዛሬ ጠዋት በዚሁ ፖሊስ ጣቢያ፣ ሳጥኑ ከመከፈቱ በፊት፣ ውስጡ ምን ምልክት እንዳለ እኔም የሱቁ ባለቤትም ተጠየቅን። የሱቁ ባለቤት «ምንም የለውም» አለ። እኔ ከላይ የተናገርኩትን ተናገርኩ። ሲከፈት አሻራው እንዳለ ተገኘ። ያኔ ሰውየው «ይሄማ እድፍ ነው» ብሎ በእጅጌው ሊያብሰው እጁን ሰደደ። እጁን በጥፊ መትቼዋለሁ፤ አልክድም። «እጅህን ሰብስብ! ይሄ የአባቴ እጅ ነው!» ብዬም ጮኼበታለሁ። መርማሪው ተቀመጪ ባይሉኝ ኖሮ እደግመው ነበር።

ኮምፒውተሩ ባይመለስልን እንኳ ያቺን ቦታ ማንም እንዳያጸዳት እጠይቃለሁ። ሌላው ዕቃ ይገዛል። አባቴ በቤታችን የቀሩት እዚያ ላይ ነው።

ቃሌ ተነብቦልኝ ሰምቻለሁ፤ ያልኩት ሁሉ እውነት ነው። ማንበብና መጻፍ ብችልም፣ በራሴ ጥያቄ በብዕር ፋንታ በአውራ ጣቴ ፈርሜያለሁ።

የመስካሪዋ የቀኝ አውራ ጣት አሻራ፦ አለ
ቃሉን የተቀበለው መርማሪ ፊርማ፦ አለ