ሌንሱ ውስጥ ያለው አቧራ

ወደ ገሳይ በሚሄደው ሚኒባስ ከፊቴ የተቀመጠው የሰርግ ቪዲዮ ቀራጺ ወጣት፣ አዲሱን የካሜራ ሌንሱን በስልኩ መብራት ያገላብጣል። ከጎኑ ያሉት አዛውንት ጠየቁት።

«ምን አገኘህበት?»

«አቧራ፣ አባቴ! ያን ሁሉ ብር አውጥቼ ትናንት የገዛሁት ነው። ሙሽሮቹ ደግሞ እየጠበቁኝ ነው።»

«ጥረገዋ!»

«ውስጡ ነው፤ አይከፈትም።»

«ያለ መብራቱስ ይታይሃል?»

«ኧረ አይታየኝም።»

«እኔም ቤት ፀሐይ በቀዳዳ ስትገባ አቧራው ጉድ ነው፤ ግን እንኖርበታለን። እስቲ ፎቶ አንሳኝ።»

ሌንሱን ካሜራው ላይ ገጥሞ አነሳቸው።

«አቧራው አለ?»

«የለም! የጋቢዎ ክር እንኳ ይቆጠራል። እፎይ! ዕድሜ ይስጥልኝ፣ አባቴ።»

«አሜን። ሚስት ስታገባም በመብራት አትመርምር።»

ልጠርገው ያወለቅኩትን መነጽሬን ከነአቧራው መልሼ አደረግኩት።