ሱስ የተባለው ሥር

ከልጄ ጋር ከሰቆጣ ገበያ ስንመለስ ባጃጅ መቆሚያው አጠገብ መሪጌታ ገብረ አምላክን አገኘናቸው። የፃግብጂ ወረዳ የባህል መድኃኒት አዋቂ ናቸው። እናቴ ጸሐይነሽ ለሆድ ሕመሟ እሳቸው የቀመሙትን ስትጠጣ ከርማለች። ከዚያ ወዲህ እግሯ አብጧል፤ የደም ግፊቷም በሆስፒታሉ ክኒን አልወርድ ብሏል። እኔ መቀበሪያዋን ማሰብ ጀምሬ ነበር። ሐኪሙ ሌላ የምትወስደው ነገር እንዳለ ሲጠይቃት «ቅጠል በማር» ብላለች፤ መሪጌታ የነገሯት እንደዚያ ነበርና።

ባሕር ዳር ኬሚስትሪ የምታጠናው ይህች ልጄ ምስራቅ ግን ከመድኃኒቱ በጠርሙስ ወስዳ ከመምህሯ ጋር መርምራዋለች። ከሰላምታ በኋላ፣ ማር የተባለው ማር እንዳልሆነ በትሕትና ነገረቻቸው።

«ምላስሽ ከእኔ ምላስ በለጠ?» አሉ።

«ምላስማ መጣፈጡን እንጂ ምን እንዳጣፈጠው አይለይም፣ መሪጌታ። እኛ በብርሃን ነው ያየነው።»

«ኩራዝ አብርታችሁ?» አሏት። ባጃጅ የሚጠብቁት ሁሉ ሳቁ።

ምስራቅ አልተቆጣችም። በበር ስንጥቅ የገባ ፀሐይ አቧራ ሲያገኝ እንደሚታይ፣ አቧራ ከሌለ ግን ዝም ብሎ እንደሚያልፍ አስታወሰቻቸው። መድኃኒቱ ላይ ቀለም ይጨመራል፤ ቀለሙ የአንድ ጣፋጭ ሥር ንጥረ ነገር ካገኘ ከእሱ ጋር ተያይዞ እንደ አቧራው ብርሃን ይበትናል፤ መሣሪያው የተበተነውን ይለካል። በማር ሲሞክሩት አልበተነም። በእናቴ መድኃኒት ግን ክፉኛ በተነ። ያ ንጥረ ነገር ሲበዛ ጨውና ውሃ በሰውነት ውስጥ ያስቀራል፤ ግፊት ይጨምራል።

መሪጌታ መሬት መሬት አዩ። ሥሩን የእህታቸው ልጅ ከዐረብ አገር ይዛላቸው እንደመጣች፣ ማር ከጠፋ ወዲህ መራራውን በእሱ እንደሚያጣፍጡ ቀስ ብለው ነገሩን።

«ታዲያ ለምን ማር ነው ይላሉ?» አልኳቸው።

«ስሙን ብጠይቃት ሱስ ነው አለችኝ። ሱስ ያጠጣል ልባል?»

«በዐረብኛ የተክሉ ስም ነው እኮ፤ የእኛ ሱስ አይደለም» አለች ምስራቅ። «ስሙን ብቻ ቢናገሩ ኖሮ ሐኪሙ ያኔውኑ ያስቆማት ነበር።»

መሪጌታ የማይጎዳውን ስም ፈርተው የሚጎዳውን ነገር ሸሽገው ኖረዋል።

አብረውን ቤት መጡና ለእናቴ በራሳቸው አፍ ነገሯት። መጠጣቱን ስትተው እብጠቷ ጎደለ፤ ግፊቷም ወረደ። ግፊቱ ያፈዘዘው የቀኝ ዓይኗ ግን እንደዚያው ቀረ። እኔም እስካሁን ስትተኛ ትንፋሿን አዳምጣለሁ።

ዛሬ መሪጌታ የሚሰጡትን ሁሉ በስሙ ይጠሩታል። በሽተኛውም ለሐኪሙ አይደብቅም፤ ሐኪሙም የትኛው ከክኒኑ ጋር እንደማይስማማ አውቆ ያዛል። ቀድሞ የወሰዱትን ሰዎች ለማስጠንቀቅ ግን መሪጌታ በየመንደሩ መዞር ነበረባቸው። አምደወርቅ ከተማ መድኃኒቱን የሰጡበት አንድ ቤት ሲደርሱ የለቅሶ ድንኳን ተተክሎ አገኙ። ገብተው ከለቀስተኛው ጋር ተቀመጡ፤ ሟቹ በምን እንደታመመ መጠየቅ ግን አልደፈሩም።