የተጸለየበት ድረ-ገጽ

ከቀበና በያዝኩት ታክሲ ውስጥ ከኋላዬ አንድ ሽማግሌና አንዲት ወጣት ስለ ቤተክርስቲያናቸው ድረ-ገጽ ያወሩ ነበር።

«ጸልየንበታል፣ ዝም ብለሽ አፕዴት አድርጊው ስልሽ እኮ እምቢ አልሽኝ።»

«እምነት የጎደለሽ ብለውኛል፣ ጋሼ።»

«ብያለሁ፤ አልክድም።»

«መጀመሪያ የድረ-ገጹን ሙሉ ቅጂ አስቀመጥኩና አዲሱን ሶፍትዌር ቅጂው ላይ ሞከርኩት። የድሮ መዝሙሮቹ በሙሉ ጠፉ።»

«ከቅጂው?»

«ከቅጂው ብቻ። ምክንያቱን አግኝቼ ካስተካከልኩ በኋላ ነው ዋናውን የነካሁት።»

«ዛሬ ጠዋት ባለቤቴ የዘመረችውን ከፍቼ ሰማሁት። ከሞተች ወዲህ ድምፅዋ ያለው እዚያ ብቻ ነው።»

«አውቃለሁ። ለዚህ ነው የፈራሁት።»

«ተባረኪ ልጄ። ፍርሃትሽንም ጌታ ይባርከው።»

ስልኬን አውጥቼ አባቴ ከመሞቱ በፊት የላከልኝን፣ እኔ ጋ ብቻ ያለውን የድምፅ መልእክት ለእህቴ ላክሁላት።