ለወይዘሮ ትራንተር በስልክ ያልኳቸው

ክቡራትና ክቡራን፣ አለቃዬ ፊሊፓ፣ የሥራ ጓደኛዬ ክላይቭ፣ ሁላችሁም፤ ለጡረታ መሸኛዬ ስላዘጋጃችሁት ሻይም፣ በሊጥ ተሸፍኖ ስለተጋገረው የአሳማ ሥጋ ፓይም አመሰግናለሁ። ፓዩን የቆረጠው ክላይቭ ነው መሰለኝ፤ ትልቁ ቁራሽ የት እንደገባ ሆዱ ይናገራል።

በዚህ ጨረታ ቤት ሠላሳ አራት ዓመት ትንንሾቹን የእንግሊዝ ሞተር ሳይክሎች ስገምት ኖርኩ። ትልልቆቹን ሌሎች ወሰዷቸው። ለእኔ የደረሱኝ የፋብሪካ ሠራተኛ ምሳውን ከኋላ አስሮ በዝናብ ሥራ የሚገባባቸው ናቸው። ቅር ብሎኝ አያውቅም።

ፊሊፓ ሥራ የጀመረች ሰሞን "ሬይ፣ ይቺ እኮ የቀረችው ሦስት ብቻ ነች! ብርቅ ነች!" እያለች እየሮጠች መጣች። "እመቤቴ፣ ስትሠራም የፈለጋት አልነበረም፤ ለዚህ ነው ሦስት የቀረችው" አልኳት። ታስታውሻለሽ? ሳምንት ሙሉ አኮረፍሽኝ።

ብርቅ መሆን ብቻውን አያስከብርም። የሻንሲና የሞተር ቁጥሯ ይመሳከር፤ የፋብሪካ ቀለሟ ይኑር። ዝጋም ቢሆን ያልተነካችው፣ አምራ እንደ አዲስ ከተቀባችው ትበልጣለች።

"ሳታይ አጽዱ አትበል" የምትለዋን ሕጌን ክላይቭ በእንቅልፉም ይላታል። ከየት እንዳመጣኋት ግን የጠየቀኝ የለም። ዛሬ ልንገራችሁ።

በገባሁ በሁለተኛው ዓመት ወይዘሮ ዊኒፍሬድ ትራንተር ደወሉ። ባለቤታቸው ኧርኒ ሞተው ጓሮ መጋዘን ውስጥ አንዲት አሮጌ ሞተር ትተዋል። ምን ዓይነት እንደሆነች እንኳ ሳልጠይቅ "ትንሽ ጠረግ ጠረግ አድርገው ያምጧት" አልኩ። ቸኩዬ ነበር።

ማክሰኞ መጣች። በ1949 እዚሁ ከተማችን አንድ ጓሮ ውስጥ ከተሠሩት አርባ ሞተሮች አንዷ፤ ቁጥሮቿ የሚመሳከሩ። የነዳጅ ታንኩ ግን እንደ ማንኪያ ያብረቀርቃል። ቀለሙም፣ በእጅ የተጻፈው ስሟም በድስት ማጠቢያ ሽቦ ተፈግፍጎ ሄዷል። እሳቸው አጠገቧ ቆመው "ደህና አድርጌ ጠረግኋት?" አሉኝ።

"እጅግ በጣም!" አልኩ።

ካታሎጉ ላይ "ታንኩ የተፋቀ" ብዬ ጻፍኩ፤ ማን እንዳስፋቀው አልጻፍኩም። የሚገባትን ዋጋ ሲሶ እንኳ አላወጣችም።

ነገሩ ሠላሳ ሁለት ዓመት ሲከነክነኝ ኖረ። ጡረታ ይዤው አልወጣም ብዬ ባለፈው እሑድ ቤታቸው ሄድኩ። ዘጠና አንድ ዓመታቸው ነው። ሁሉንም ነገርኳቸው።

"ዋጋዋን ያበላሸሁት እኔ ነኝ፤ ይቅር ይበሉኝ።"

ሲኒያቸውን አስቀምጠው አዩኝ። "አንተ ሞኝ! ኧርኒ ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ 'ዊኒ፣ እጅሽን ከሷ ላይ አንሺ' ሲለኝ ነው የኖረው። ሻይ ይዤለት እንኳ ከበሩ አላልፍም ነበር። ያን ቀን የድስት ማጠቢያዬን ይዤ ገባሁና እየሰደብኩት፣ እያለቀስኩለት ፈገፈግኳት። በቀብሩ ቀን እምቢ ያለኝ እንባ ያኔ ወጣልኝ።"

"ታዲያ አልተቀየሙኝም?"

"ተቀይሜያለሁ እንጂ! 'እጅግ በጣም' ስትለኝ ፊትህ አመድ መስሎ ነበር። ምን አጥፍቼ ይሆን እያልኩ ሠላሳ ሁለት ዓመት ኖርኩ። አሁን ነው የምትመጣው?"

ስለ ሞተሯ ዋጋ ስጨነቅ፣ እሳቸው እኔ ዝም ያልኩትን ይዘው ኖረዋል።

ስለዚህ ወዳጆቼ፣ ዓይናችሁ አይፍዘዝ፤ እጃችሁ ይባረክ፤ ያልተነካ ሞተር የተረሳበት መጋዘን ሁሉ ይከፈትላችሁ። መሳሳታችሁ አይቀርም፤ ስትሳሳቱ በማግስቱ ሄዳችሁ በር የምታንኳኩበትን ድፍረት ይስጣችሁ።

ለኔም ትንሽ ዕድሜ ይጨምርልኝ። ከእንግዲህ በየእሑዱ ወይዘሮ ትራንተር ቤት ምሳ አለብኝ። ድስቱን የምታጥበው አንተ ነህ ብለውኛል።