አልጋ ላይ የሚሸምነው ባል

ወደ ሽሮ ሜዳ በሚወጣው ውይይት ታክሲ ውስጥ እኔ በሩ አጠገብ ተቀምጫለሁ፤ ፊት ለፊቴ ዘንቢል የያዘች ሴት፣ ከጎኗ ካፖርት የለበሱ ሽማግሌ አሉ።

«ባሌ ሸማኔ ነው» አለቻቸው። «ከትናንት ጀምሮ አልጋ ላይ ተኝቶ እግሩ ሸማ እንደሚሠራ ይረግጣል። ልጆቹ ‹አባዬ፣ ጋቢው የት ደረሰ?› እያሉ ይስቁበታል።»

«ያልበዋል?»

«ላብ በላብ ነው። ይንቀጠቀጣል፤ ዕረፍት የለውም።»

«መድኃኒት ይወስዳል?»

«ሆስፒታል ለጭንቀት የሰጡት ኪኒን አለ። ትናንት ሲያስለው ጎረቤቴ የተረፋትን የሳል ሽሮፕ ሰጠችን። ይኸው፣ እህቴም ሌላ ጠርሙስ ሽሮፕ ጨመረችልኝ።»

«እንዳትሰጪው፣ ልጄ! እኔም እንዲህ ደባልቄ ወስጄ ስንቀጠቀጥ፣ ሰፈሩ ሁሉ ‹ጠበል ውሰዱት› አለ። ሐኪሙ ግን መድኃኒቶቹ ተጣልተው ነው አለን።»

«እና ዳኑ?»

«ይኸው ስለፈልፍ አትሰሚም? አሁኑኑ ሐኪም ቤት ውሰጂው፤ ኪኒኑንም ሽሮፑንም ይዘሽ። ይህ ነገር ይገድላል።»

«እኔኮ ሥራው ናፍቆት መስሎኝ!»

«ሲድን ለኔም ጋቢ ይሥራልኛ።»

«ይዳንልኝ እንጂ በነጻ ነው፣ አባባ! ሾፌር፣ ወራጅ አለ!»

ዘንቢሏን አንጠልጥላ ስትነሳ፣ መኪናው ገና ሳይቆም በሩን ከፈትኩላት።